ዓሣውን የሚበላው ማነው? ስለ ኑክሌር ጣቢያ ጽዳትና ስለ መሬቱ ነባር ሕዝቦች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአካባቢ ጥበቃ መሐንዲስ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሲያትል ኖሬ በቅርቡ እዚያው ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ውስጥ ወዳለችው ሪችላንድ ከተማ ተዛውሬያለሁ። ሃንፎርድ የሚባለውን የድሮ የኑክሌር ቦታ ከሚያጸዱት ኮንትራክተሮች በአንዱ ነው የተቀጠርኩት። አሁን ደግሞ "ከቀይ ሕንዶቹ ጋር ያለውን ግንኙነት አንተ ያዝልን" ተባልኩ። አለቃዬ በሦስት ወር ውስጥ አንድ የቁፋሮ ዕቅድ ላይ ስምምነታቸውን እንዳመጣለት ይፈልጋል። ከየት ልጀምር? ስጦታ ይዞ መሄድ ነውር ነው? ቡና አፍልቼ ባቀርብስ?

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ ልበልህ ወይስ አይዞህ? ሁለቱንም ውሰድ። በዕድሜ ሳልበልጥህ አልቀርም ብዬ "አንተ" እያልኩ ነው የምጽፍልህ። እኔ በተበከለ መሬት ጽዳት ሥራ ላይ፣ በመሐንዲሶቹና በመሬቱ ሰዎች መሐል ስመላለስ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ጥያቄህን ሳነብ የራሴ የመጀመሪያ ዓመት ትዝ አለኝ። አልዋሽህም፣ ትንሽ አፈርኩ።

መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። "ቀይ ሕንዶች" የሚለውን እዚሁ ጣለው። እኛ ከካውቦይ ፊልም ነው የለመድነው። አንተ የምታገኛቸው ሰዎች ያካማ፣ ኔዝ ፐርስ፣ ዩማቲላ እና ዋናፐም ናቸው። ዩማቲላ ስንል ደግሞ የዩማቲላ፣ የካዩስና የዋላ ዋላ ሕዝቦች በአንድ ላይ ያቆሙት ጥምረት ነው። በየስማቸው ጥራቸው። "ጎሳ" የሚለው ትርጉምም ያሳስትሃል። እንግሊዝኛው "ትራይብ" ሲል አንተ በልብህ "ጎሳ" ካልከው የአገራችን ፖለቲካ ተከትሎት ይመጣል። ያካማ ኔሽን መንግሥት ነው። ምክር ቤት አለው፣ ፍርድ ቤት አለው፣ ፖሊስ አለው። ያንተን የከርሰ ምድር ውሃ ሞዴል ቁጭ ብለው የሚፈትሹ የራሱ ባለሙያዎችም አሉት።

ይህን ያወቅኩት በውርደት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ አንድ ስላይድ አዘጋጀሁ። ርዕሱ "ባለድርሻ አካላት" ነበር። መቼም የኛን ሰው ታውቀዋለህ፤ "ባለድርሻ አካላት" ሳይባል ስብሰባ አይከፈትም፣ ምሳም አይበላም። ዝርዝሩ ላይ የነጋዴዎች ማኅበር አለ። ከሱ ሥር የወፍ ተመልካቾች ክበብ። ከሱ ሥር የአካባቢው ነባር ሕዝብ። አንድ ሽማግሌ ስላይዱን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ "እኛ ከወፍ ተመልካቾቹ በታች ነን?" አሉኝ። አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። በቀጣዩ ስብሰባ ላይ ግን ማንም አልመጣም። ያንን ስላይድ ለማስረሳት አንድ ዓመት ገደማ ፈጀብኝ።

ችግሩ የቅደም ተከተል ብቻ አልነበረም። ባለድርሻ ማለት በነገሩ የሚጠቀም ወይም የሚጎዳ ማንኛውም ሰው ነው። እነሱ ግን ውል የፈረሙ ወገን ናቸው። በሰኔ 1855 (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዋላ ዋላ ሸለቆ ላይ ከዋሽንግተን ግዛት ገዥ ከአይዛክ ስቲቨንስ ጋር ተቀምጠው ሰፊ አገር ለቀቁ። ሲለቁ ግን ለራሳቸው ያስቀሩት ነገር አለ። በለመዱት ቦታ ሁሉ ዓሣ ማጥመድ፣ ባልተያዘ ክፍት መሬት ላይ ማደን፣ ሥራ ሥርና እንጆሪ መልቀም፣ ከብትና ፈረስ ማሰማራት። ይህን መብት መንግሥት አልሰጣቸውም። ድሮም የራሳቸው ነበር፤ ሲፈርሙም አልለቀቁትም። ቤቱን ሸጦ "ከጓሮው ጉድጓድ ግን እስከ ልጅ ልጄ ድረስ ውሃ እቀዳለሁ" ብሎ ውሉ ላይ ያስጻፈ ሰው አስብ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ደግሞ እንዲህ ያለውን ውል የአገሪቱ የበላይ ሕግ አካል ያደርገዋል።

በ1943 መጀመሪያ የጦርነቱ ፕሮጀክት መጣ። ለቦምብ የሚሆን ፕሉቶኒየም ለማምረት 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል መሬት ታጠረ። የሃንፎርድና የዋይት ብላፍስ ገበሬዎች ውጡ ተባሉ። እዚያ ኮሎምቢያ ወንዝ ዳር ይከርሙ የነበሩት ዋናፐሞችም አብረው ተነቀሉ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው "ልማት ተነሺ" የሚለው ቃል ምን እንደሚሸት ያውቃል። ስለዚህ ይህን ክፍል ላስረዳህ አልደክምም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በል። ዋናፐሞች በ1855 ውል አልፈረሙም። በዚህ የተነሳ በፌዴራል መንግሥት ዘንድ ዕውቅና ያለው መንግሥት ተብለው አይቆጠሩም። ወረቀት ላይ ደካማ ናቸው፤ ለቦታው ግን ከማንም ይቀርባሉ። እነሱን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። አንተ አትርሳ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቀዋለህ። ኮሎምቢያ ወንዝ ዳር ዘጠኝ ሪአክተሮች ተተከሉ፤ የመጨረሻው በ1987 ቆመ። የተረፈው 177 የመሬት ውስጥ ጋን ነው። በውስጣቸው 56 ሚሊዮን ጋሎን፣ በኛ መለኪያ ከ200 ሚሊዮን ሊትር በላይ፣ ጨረር አመንጪ ዝቃጭ ተጠራቅሞ ነበር። በ1989 የጽዳቱ ስምምነት ተፈረመ። ፈራሚዎቹ የኢነርጂ ሚኒስቴር፣ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲና የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ናቸው። ሦስት ፈራሚ። ከ1855ቱ ሕዝቦች አንዳቸውም እዚያ ወረቀት ላይ የሉም። ቢሮህ ውስጥ በየቀኑ የሚጠቀሰው ግን የ1989ኙ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ሰው "ግንኙነት" ሲባል ሰላምታ፣ ፈገግታ፣ ምሳ ይመስለዋል። ምሳው አይከፋም። ግንኙነቱ ያለው ግን ስሌቱ ውስጥ ነው።

መሐንዲስ ስለሆንክ በቀላሉ ይገባሃል። "ይህ ቦታ ጸድቷል" ለማለት አንድ ሰው በወረቀት ላይ እንፈጥራለን። በቀን ይህን ያህል ውሃ ይጠጣል፣ ይህን ያህል አፈር በአፉ ይገባል፣ ይህን ያህል ዓሣ ይበላል እንላለን። ከዚያ ያ ሰው የሚደርስበትን አደጋ እናሰላለን። ጥያቄው ያ ሰው ማነው የሚለው ነው። ለብዙ ዓመት በአሜሪካ የሚሠራበት ግምት አንድ ሰው በቀን 6.5 ግራም ዓሣ ይበላል የሚል ነበር። 6.5 ግራም ግማሽ ጉርሻ አይሞላም። በ1994 የኮሎምቢያ ወንዝ ሕዝቦች የዓሣ ኮሚሽን ያካማን፣ ኔዝ ፐርስን፣ ዩማቲላንና ዋርም ስፕሪንግስ የሚባሉትን የኦሪገን ነባር ሕዝቦች ጠይቆ ጥናት አወጣ። የአዋቂዎቹ አማካይ 58.7 ግራም ሆኖ ተገኘ። ዘጠኝ እጥፍ! ያውም አማካዩ ነው፤ ከዚያ በጣም የሚበልጥ የሚበሉ ቤተሰቦች አሉ። ኦሪገን በ2011፣ ዋሽንግተን በ2016 የውሃ ጥራት መለኪያቸውን ወደ 175 ግራም አሳድገው ከለሱ። ከጥናቱ እስከዚያ ድረስ ሃያ ዓመት ገደማ አለፈ ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ "ውሃው ለሕዝብ ጤና ምንም አይልም" የሚል ሪፖርት ይዞ ስብሰባ የገባ ሰው ሁሉ፣ ሳያውቀው "እናንተ ከሕዝቡ አትቆጠሩም" እያለ ነበር።

የዓሣው ብቻ አይደለም። የእንፋሎት ቤታቸውን አስብ። ድንጋይ በእሳት ይግላል፣ ውሃ ይፈስበታል፣ ሰዎች በጠባብ ቦታ ተቀምጠው እንፋሎቱን ይተነፍሳሉ። ጸሎትም ነው፣ መታጠቢያም ነው። ያ ውሃ ከተበከለ ምንጭ ቢቀዳ በውስጡ ያለው ነገር በቀጥታ ሳንባ ውስጥ ይገባል። የመደበኛው ስሌት ሰው ሻወር ይወስዳል እንጂ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም። ወይም ቅርጫትና ምንጣፍ የሚሠሩትን አስብ። ደንገሉን ከወንዝ ዳር ያጭዱታል፣ ይሰነጥቁታል፣ አንዳንዴም በጥርስ ይይዙታል። እናቶቻችን ሰፌድ ሲሰፉ አክርማውን በአፋቸው ያዝ እንደሚያደርጉት ማለት ነው። ያካማና ዩማቲላ ሰልችቷቸው እያንዳንዳቸው የራሳቸውን የተጋላጭነት ሰነድ አዘጋጅተዋል። የኛ ሰው እንዲህ ይኖራል፣ እንዲህ ይበላል፣ በዚህ አስሉ የሚል ሰነድ ነው። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስትገባ መጀመሪያ የምታነበው እሱን ይሁን። የኩባንያህን ብሮሹር በኋላ ትደርስበታለህ።

አንድ ምሳሌ ልጨምር፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ሪአክተሮቹን ለማቀዝቀዝ ከወንዙ በሚጠለፈው ውሃ ላይ ቧንቧው እንዳይዝግ ኬሚካል ይጨመር ነበር። ከዚያ የመጣው ሄክሳቫለንት ክሮሚየም፣ መርዛማው የክሮሚየም ዓይነት፣ የከርሰ ምድር ውሃው ውስጥ ገባ። የከርሰ ምድር ውሃው ደግሞ ወንዙ ሥር ባለው ጠጠር መሐል ይወጣል። ሳልመን ዓሣ እንቁላሏን የምትጥለው በዚያ ጠጠር ውስጥ ነው። የፌዴራሉ የመጠጥ ውሃ ገደብ ለጠቅላላ ክሮሚየም በሊትር 100 ማይክሮግራም ነው። የውሃ ውስጥ ሕይወትን ለመጠበቅ ወንዙ ላይ የሚሠራበት የሄክሳቫለንት ክሮሚየም ገደብ ግን 10 ነው። እንግዲህ ለሰው መጠጥ የሚፈቀደው ለዓሣ እንቁላል አይፈቀድም። "ዓሣው ከሞተ እኛም የለንም" የሚል ሕዝብ አጠገብህ ሲቀመጥ ነገሩን እንደ ግጥም አትስማው። የምህንድስና መመዘኛ እየሰጠህ ነው። ዛሬ እዚያ ያሉት ውሃ እየሳቡ የሚያጣሩ ጣቢያዎች ለዚያ ቁጥር ነው የሚሠሩት።

ከስሌቱ ጋር የሚያያዝ ሌላ ነገር አለ፤ አጥር። ጽዳት ውድ ሲሆን መሐንዲስ አጥርን ይወዳል። "ሰው እንዳይገባ ምልክት እንተክላለን፣ መቆፈር እንከለክላለን፣ ስለዚህ አደጋ የለም።" ለከተማ ሰው ይህ ጥሩ መፍትሔ ነው። ሥራ ሥር ቆፍሮ የሚበላ ሰው ግን ውሉ ላይ የተጻፈለትን መብት ሁለተኛ ጊዜ ተነጠቀ ማለት ነው። የ1855 ውል የማብቂያ ቀን የለውም። ሪአክተሮቹ አብዛኞቹ በብረት ታሽገው እስከ 75 ዓመት እንዲጠብቁ ተደርገዋል፤ ያንተና የኔ ዕድሜ አይደርስበትም። እዚያ ካሉት ጨረር አመንጪ ነገሮች ስትሮንቲየም 90 በግማሽ ለመቀነስ 29 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፣ ፕሉቶኒየም 239 ደግሞ 24,000 ዓመት። ስለዚህ አጥር ያለበት አማራጭ ስታቀርብ "ጊዜያዊ" የሚለውን ቃል ሳታስብ አታውጣ። ለምን ያህል ትውልድ? ማን ይጠብቀዋል? መቼ ይፈርሳል? መልስ ከሌለህ የለኝም በል።

አጥር የግድ ሲሆን እንኳ ከሰዎቹ ጋር የተሠራና በሰዎቹ ላይ የተሠራ ይለያያል። አውስትራሊያ ውስጥ ማራሊንጋ የሚባል ቦታ አለ። እንግሊዞች ከ1956 እስከ 1963 ቦምብ የሞከሩበት በረሃ ነው። ከ1996 እስከ 2000 በተደረገው ጽዳት የአደጋው ግምት በአካባቢው አቦሪጂኖች አኗኗር ላይ ተመሠረተ። መሬት ላይ ይቀመጣሉ፣ መሬት ላይ ይተኛሉ፣ ልጆች አቧራ ውስጥ ይጫወታሉ። ዋናው አደጋ የሚተነፍሱት አቧራ መሆኑ በዚህ ታወቀ። 400 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ቦታ ሙሉ በሙሉ አልጸዳም። እዚያ ማለፍና ማደን ይቻላል፣ መስፈር ግን አይቻልም። የድንበሩ ምልክቶች ላይ ይህ በራሳቸው ቋንቋ ተጽፏል። ፍጹም ነው አልልህም፤ የመጨረሻው ቁራሽ መሬት የተመለሰላቸው በ2009 ነው፣ ያለቀሱት እንባም ገና አልደረቀም። ግን ክልከላው ሰውየው በዚያ ቦታ ምን እንደሚያደርግ አውቆ የተሰመረ ነው።

ወደ ቁፋሮህ ልመለስ። እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቅ።

ከመኖሪያህ ትንሽ ራቅ ብሎ ኬንዊክ አለ። በ1996 እዚያ ወንዙ ዳር ወደ 9,000 ዓመት ገደማ የሚሆነው አጽም ተገኘ። ሕዝቦቹ "ጥንታዊው" ብለው ይጠሩታል፤ አያታችን ነው፣ እንቅበረው አሉ። ሳይንቲስቶች እናጥናው ብለው ከሰሱ፣ አሸነፉም። በ2015 የዲኤንኤ ምርመራ ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች እንደሚቀርብ አሳየ። በ2017 ሊቀበር ቻለ። ሃያ ዓመት ሙሉ የአያታቸውን አስከሬን መደርደሪያ ላይ ያዩ ሰዎች ናቸው ፊትህ የሚቀመጡት። አስክሬን ለመቅበር ሰው እንዴት እንደሚሆን ለሐበሻ አይነገርም። ስለዚህ የቁፋሮ ዕቅድህ ውስጥ "አጽም ቢገኝ ወዲያው እናቆማለን" የሚለው በትንሽ ፊደል ገጽ 48 ላይ አይሁን። ፊት ለፊት ይሁን። ማን ይደውላል፣ ለማን፣ በስንት ሰዓት ውስጥ፣ ማሽኑ ስንት ሜትር ይርቃል፤ ይህ ሁሉ ቁፋሮው ሳይጀመር ከነሱ ጋር ይጻፍ።

ደግሞ የተቀደሱ ቦታዎችን ካርታ አትጠይቅ። አዲስ ሰው ሁሉ ይህን ስህተት ይሠራል። "የት የት እንደሆኑ ብታሳዩን እንጠነቀቅ ነበር" ይላል። በቅንነት ነው። ግን ለመንግሥት የተሰጠ ወረቀት ሰው ጠይቆ ሊያወጣው ይችላል፤ መቃብር ቆፋሪ ሌባም ያነባል። ታሪኩም አለ። ጌብል ተራራ ወጣቶቻቸው ለጸሎት ብቻቸውን የሚወጡበት ቦታ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ሃንፎርድን የኑክሌር ቆሻሻ መቅበሪያ ለማድረግ ሲታሰብ ተራራው ውስጥ ዋሻ ተቦርቡሮ ሙከራ ተካሂዶበታል። ካርታ ከመጠየቅ ይልቅ አምስት የቁፋሮ መስመር ይዘህ ሂድና "ከእነዚህ ውስጥ የማያስቸግረው የቱ ነው?" በል። "ሁለተኛው ይሻላል" ይሉሃል። ለምን አትበል። መሐንዲስነትህ ይከብደዋል፣ ግን ለምን አትበል።

እምነት ለምን እንደሌለ ከገረመህ ደግሞ ታኅሣሥ 1949ን አንብብ። ያኔ ለሙከራ ተብሎ ሆን ተብሎ ጨረር አመንጪ አዮዲን ወደ አየር ተለቀቀ። ለሕዝብ የታወቀው በ1986 ነው፣ 19,000 ገጽ ሰነድ ሲወጣ። እንግዲህ "ሁሉም መረጃ እጃችሁ ላይ ነው" ስትላቸው ፊታቸው ላይ የምታየው ዝምታ ከዚያ የመጣ ነው። አንተ አላደረግከውም። ግን ደረትህ ላይ የተንጠለጠለው ባጅ የዚያው ቤት ነው።

ስለ ሦስት ወሩ። ለአለቃህ በትሕትና ይህን ንገረው፤ ስምምነት ማምጣት ያንተ ሥልጣን አይደለም። በመንግሥትና በመንግሥት መካከል የሚደረገው ምክክር የኢነርጂ ሚኒስቴር ግዴታ ነው፤ ከ2000 ጀምሮ ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝም አለበት። ኮንትራክተር መረጃ ያዘጋጃል፣ ከባለሙያዎቻቸው ጋር ቴክኒካል ውይይት ያደርጋል፣ ይሰማል። ከነሱ ባለሙያ ጋር ቡና ጠጥተህ ስትመለስ "አማክረናል" ብለህ ሪፖርት ከጻፍክ ሁለቱንም ወገን አሳሳትክ። ይህን እኔ ሳልሆን ሕጉ እንደሚለው አድርገህ ንገረው፣ ይሻልሃል።

ደግሞ ቀነ ገደብ ይዞ የሄደ ሰው ምን እንደሚገጥመው ሁለት ታሪክ ልንገርህ፤ ሁለቱም ስለ ቆሻሻ ማስቀመጫ ናቸው። ካናዳ ውስጥ የኦንታሪዮ የኃይል ማመንጫ ኩባንያ ሂዩረን ሐይቅ አጠገብ ጥልቅ ማስቀመጫ ሊሠራ አሰበ። በ2013 "የሶጊን ኦጂብዌ ሕዝብ ካልደገፈው አንሠራም" ብሎ ቃል ገባ። ሕዝቡ ጊዜውን ወሰደ። በጥር 2020 ድምፅ ሰጠ፤ 170 ደገፉ፣ 1,058 ተቃወሙ። ኩባንያው ዕቅዱን ጣለው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ሽንፈት ይቆጥረዋል። እኔ አልቆጥረውም። "እምቢ" ማለት የማይቻልበት ቦታ የተገኘ "እሺ" ፍርድ ቤት ሲደርስ ይፈርሳል።

እንዳልኩት የፈረሰው ደግሞ አውስትራሊያ፣ ኪምባ ላይ ነው። ለማስቀመጫው በ2019 የከተማው ሰው ድምፅ ሰጠና ከ60 በመቶ በላይ ደገፈ። የመሬቱ ነባር ባለቤቶች ባርንጋርላዎች ግን አብዛኞቹ የከተማው ነዋሪ ስላልሆኑ አልተቆጠሩም። የራሳቸውን ምርጫ አካሄዱ። 83 ተቃዋሚ፣ ደጋፊ ዜሮ። ሐምሌ 2023 የፌዴራል ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሻረው። ምክንያቱ ሚኒስትሩ አስቀድሞ የወሰነ መምሰሉ ነው። ይህችን ምክንያት ደጋግመህ አንብባት። አለቃህ "ስምምነታቸውን አምጣ" ሲል እሱም አስቀድሞ ወስኗል። አንተ ይዘህ መሄድ ያለብህ ያልተወሰነ ነገር ነው። ዕቅዱ ውስጥ ገና ሊቀየር የሚችል ምን አለ? ቦታው? ወቅቱ? ጥልቀቱ? ናሙናው? አንድም ከሌለ ስብሰባ አትጥራ፤ ደብዳቤ ላክ። ቢያንስ የሰው ቀን አታባክንም።

የቀሩት ቶሎ ቶሎ የሚባሉ ናቸው። የድሮ አስተያየት ደብዳቤዎቻቸውን ከማኅደር አስወጣ። ባለፉት አሥር ዓመታት ምን ብለው ጻፉ? ከ"አስተያየታችሁ ታይቷል" ሌላ ምን ተለወጠ? የመጀመሪያ ስብሰባህ ላይ አንዲት የተለወጠች ነገር ማሳየት ከቻልክ ከማንኛውም ንግግር ትበልጣለች። ሺህ ገጽ ሰነድ ልከህ በ30 ቀን መልሱ አትበል። ባለሙያዎቻቸው ጥቂት ናቸው፣ ሰነድ የሚልክላቸው ግን አንተ ብቻ አይደለህም። የሚሠሩበት በጀትም በየዓመቱ የሚለመን ነው። ረቂቁን ገና ጥሬ ሳለ ላክላቸው። ያላለቀ ነገር ማሳየት ያሳፍራል፣ አውቃለሁ፤ ግን ያለቀ ነገር ላይ ምን ይጨምሩበታል?

ስብሰባ በለቅሶ ምክንያት ሲሰረዝ አትበሳጭ። ትልቅ ሰው ሲሞት ቢሮው ሊዘጋ ይችላል። ለቅሶ የማይደርስ ጎረቤት እኛ ዘንድ ምን እንደሚባል ታውቃለህ፤ ይህን ላንተ ማስረዳት አያስፈልግም፣ ለአለቃህ ግን አንተ አስረዳው። እነሱ ደግሞ ሰው ሲሄድና ሲመጣ አይተዋል። ራስል ጂም የሚባሉ የያካማ ሽማግሌ ነበሩ። ሃንፎርድን የሚመለከተውን ሥራ በያካማ ኔሽን በኩል ለአሥርት ዓመታት መርተው በ2018 አረፉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከማዶ የተቀመጠው ሥራ አስኪያጅ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ ገምት። እያንዳንዱ አዲስ መጤ "አዲስ ምዕራፍ እንከፍታለን" ብሏል። አንተ አትበል። "አዲስ ነኝ፣ እያነበብኩ ነው፣ ከሁለት ወር በኋላ ጥያቄ ይኖረኛል" በቂ ነው። ሥራ ስትቀይርም የሚተካህን ሰው ይዘህ ሄደህ አስተዋውቅ፤ ቃል የገባሃቸውን ነገሮችም በወረቀት አስረክበው።

ስጦታና ቡና። ስጦታን በተመለከተ መጀመሪያ የድርጅትህን የሥነ ምግባር ቢሮ ጠይቅ፤ የመንግሥት ገንዘብ ያለበት ሥራ ነው። ለንግግር ወይም ለጸሎት ሽማግሌ ከጋበዝክ ግን የደከሙበትን መክፈል፣ መንገዳቸውንና ምግባቸውን መሸፈን ወግ ነው። ምን እንደሚገባ የየሕዝቡን ቢሮ ጠይቅ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ቡናው ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ለመጀመሪያው ቀን ግን አይደለም። የመጀመሪያ ቀን ስለ አንተ አገር ከሆነ ጊዜው ያልፋል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ፣ እነሱ ሳልመናቸውን ካቀረቡልህ በኋላ፣ ጀበናህን አምጣ። ቡናውን ግን ቤትህ ቆልተህ ፈጭተህ ውሰድ። እኔ አንድ ጊዜ አዳራሽ ውስጥ ልቁላ ብዬ የእሳት አደጋ ደወሉ ጮኾ፣ ስብሰባውን ፓርኪንግ ላይ ቆመን ነው የጨረስነው።